ደጅ የሌለው ቤት

ይድረስ፦ በከተማችን የመኖሪያ ሕንፃ ለምታቅዱ፣ ለምትነድፉ፣ ንድፍ መርምራችሁ ለምታጸድቁና ለምታስገነቡ ሁሉ

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም ሰሞን፣ እናቴ በምትኖርበት ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ሁላችንም አባባ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት ዐረፉ። ሬሳ ሣጥኑን ለማውረድ ስድስት ሆነን ወጣን። ከቤቱ በር በሰላም አወጣነው፤ የመጀመሪያውን ደረጃም ወረድነው። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ግን ሣጥኑ አልዞር አለ። ፊት የነበርነው ግድግዳው ላይ ተለጠፍን፤ ከኋላ ያሉት የደረጃውን ብረት ተደግፈው ቀሩ። ወደ ግራ ሞከርን፤ ወደ ቀኝ ሞከርን። ታች ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች «ወጣ» ሲባል ለቅሶውን ጀምረው ነበር፤ ስንዘገይባቸው ዝም አሉ። ያ ዝምታ እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቁመው» አለ። አቆምነው። አባባ በየመታጠፊያው ቀጥ ብለው እየቆሙ፣ እንደገና እየተጋደሙ ወረዱ። ከኋላችን የነበረው ልጃቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔ አናጢ ነኝ። ነገር ሲከብደኝ መለካት ልማዴ ነው። ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲፈርስ ሜትሬን ይዤ ደረጃው ላይ ወጣሁ። የመታጠፊያው ወለል ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ሣጥኑ ሁለት ሜትር አይሞላም ነበር። ወረቀት ላይ ሥዬ ሞከርኩት፤ ብቻውን ሲሆን ይዞራል። የማይዞረው ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው ሲሸከሙት ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ስሌቱ ውስጥ ግን ተሸካሚ አልነበረም።

ይህን የምጽፍላችሁ ያን ሕንፃ የነደፈውን ሰው ለመክሰስ አይደለም። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለማጣራትም አልሞከርኩም። እኔን የያዘኝ ነገር አንድ አጭር ቃል ነው፦ ደጅ። ቤት ስትቆጥሩልን በካሬ ሜትር ትቆጥራላችሁ፤ ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት እያላችሁ ትከፍላላችሁ። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ደጅ የሚባል ነገር ተቆጥሮ አላየሁም። የኔ እምነት ደግሞ ሰው የሚኖረው ከቤቱ እኩል በደጁ ላይ ነው የሚል ነው፤ እስኪ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሰው ቁልፍ በተረከበ በመጀመሪያው ወር የሚያደርገውን እንደ አናጢ በቅርብ የሚያይ ጥቂት ነው። የምንጠራው ገና ግድግዳው ሳይደርቅ ነው። በሩን ከፍቶ የሚያስገባኝ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየኝ መጀመሪያ የሚሠራውን አይደለም፤ የሚሸፈነውን ነው። የደረጃው በር ሲከፈት ሳሎኑ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከሳሎኑ ምድጃው ይታያል፤ ስቱዲዮ ከሆነ አልጋው ይታያል። «እዚህ ጋ መከለያ ሥራልኝ» ይሉኛል። «በሩ ሲከፈት ቀጥታ እንዳይታይ አድርግልኝ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ በእድሜ የገፉ እናት ስቱዲዮ ቤታቸውን አስገብተውኝ የቁም ሣጥኑን ልክ ስወስድ ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ቁም ሣጥኑ ይቅርብኝ፤ ጓዳ ሥራልኝ» አሉኝ። ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጀርባው በጣውላ የተሸፈነ ቁም ሣጥን ሠርቼ ክፍሉን ለሁለት ከፈልኩላቸው። ከጀርባው የዱቄት በርሜላቸውን፣ ሞሰባቸውንና ጀበናቸውን አስገቡ። ስጨርስ መረቁኝ። እርሳቸው የከፈሉኝ ለቁም ሣጥን አልነበረም።

ጓዳ ምን እንደሆነ እዚያ ቤት ነው የገባኝ። ጓዳ የእህል ማስቀመጫ ብቻ አይደለም፤ የእጦትም መሸፈኛ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሞሰቡ ሙሉ ይሁን ባዶ፣ ወጡ ከትናንት የተረፈ ይሁን ዛሬ የተሠራ፣ ሽሮው ከጎረቤት የተበደሩት ይሁን የራስ፣ ያንን ጓዳው ብቻ ነው የሚያውቀው። አባቶቻችን «የጓዳ ገበና» ያሉት በከንቱ አይደለም። ሀብታም ብዙ ክፍል ስላለው ገበናውን በየትኛውም ይሸሽጋል። ጓዳ አጥብቆ የሚያስፈልገው ድሃው ነው፤ በንድፉ ላይ ጓዳ የሚነሣውም ከድሃው ነው።

ከጓዳ ተነሥቼ ወደ ውጭ ልቁጠር። በኖርንበት አሮጌ ግቢ መንገዱ አለ፤ ከዚያ የቆርቆሮው አጥር በር፤ ከዚያ ግቢው፤ ከዚያ ደጁ፤ ከዚያ ሳሎኑ፤ ከዚያ ጓዳው። ሻጭ አጥሩ በር ላይ ይጮሃል፤ ግቢ አይገባም። ግቢ የገባ ሰው «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ደጁ ላይ ይቆማል። ደጁ ላይ ያለ ሰው ገብቶም አልገባም፤ ወጥቶም አልወጣም። «ግባ» ከተባለ ይገባል፤ ካልተባለም ሳይቀየም ቆሞ ጨዋታውን ጨርሶ ይሄዳል። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ሰላምታ፣ የራሱ የድምፅ ልክ፣ የራሱ ሰው አለው። ይህን ማንም አላስተማረንም። ግቢው ነው ያስተማረን።

ለምዕመናን ነገሩ ከዚህም የታወቀ ነው። ክቡን ቤተ ክርስቲያን አስቡት። ቅጥሩን ገብተህ ዐውደ ምሕረቱ፣ ከዚያ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ከዚያ ቅድስቱ፣ ከዚያ መቅደሱ። ምዕመኑ፣ ደብተራው፣ ቆራቢው፣ ካህኑ የት እንደሚቆሙ ሕንፃው ራሱ ይናገራል። በአንድ ጊዜ ከመንገድ ወደ መቅደስ የሚገባ የለም። በሩ ደጀ ሰላም መባሉም ሰላም የሚጀምረው ከውስጥ ሳይሆን ከደጁ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያወጣው ስም ነው።

ሐረር ጀጎል ሄዳችሁ የሐረሪን ቤት ያያችሁም ታውቁታላችሁ። ሳሎኑ አንድ ክፍል ነው፤ ወለሉ ግን አምስት መደብ አለው። ነደባ ይሉታል። የአሚሩ አለ፤ ትልቁ አለ፤ ትንሹ አለ፤ የተሸሸገው አለ፤ ከበሩ ኋላ ያለውም አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ ከፍታው ይናገራል፤ ግድግዳ ሳይቆም በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ቦታ ተፈጥሯል። እኔ እንደ አናጢ ይህን ባየሁ ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። ጠባብ ቤት ውስጥ ክብርን እንዴት ማስቀመጥ እንደሚቻል የቀደሙት ሠሪዎች መልስ ነበራቸው፤ እኛ ግን ጥያቄውን ራሱን ረስተነዋል። ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ ደግሞ ብትሄዱ ጀፎረ አለ። ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የመንደሩ ሸንጎም እዚያ ነው። ማንም አጥሩን ወደ ጀፎረው ገፍቶ እንዳያጥር ባሕላዊ ሕጉ ይከለክላል። የአንድ ሰፈር ሁሉ ደጅ ማለት ነው። ደጅ ሰፊ መሬት ላላቸው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ቦታ የሚሰጠውም ሕግ ነው።

አንድ የሕንፃ ጥበብ የሚያስተምር ደንበኛ አለኝ። የመጻሕፍት መደርደሪያ ስሠራለት ከሥራው ይልቅ ወሬው ይረዝማል። አንድ ቀን ማርቲን ሃይደገር ስለሚባል ጀርመናዊ ፈላስፋ አጫወተኝ። በ1951 እ.ኤ.አ. ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ከተሞች ፈርሰው፣ ሕዝቡ ቤት አጥቶ ሳለ፣ ዳርምሽታት በምትባል ከተማ አርክቴክቶች ተሰብስበው እርሱ ንግግር አደረገላቸው። ቤት መሥራት መኖርን ካላወቅን አይሆንም፤ ከቤት እጥረቱ በፊት መኖርን መማር ይቀድማል የሚል ነበር አሳቡ። ለማስረዳትም በቋንቋው ውስጥ ወደ ጥንት ቆፍሮ «መሥራት» የሚለው ቃልና «ነኝ» የሚለው ቃል ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው ብሎ ተከራከረ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በኛ ቋንቋ መቆፈር እንኳ አያስፈልግም ነበር። «የት ነው የምትኖረው?» ስንል አድራሻ እንጠይቃለን። «እንዴት ትኖራለህ?» ስንል ኑሮን እንጠይቃለን። «ባይኖር ኖሮ» ስንል በዓለም ላይ መገኘትን እንናገራለን። መገኘትም፣ መተዳደርም፣ ማደርም በአንድ ቃል ነው፦ መኖር። ቤታችንም «መኖሪያ» ነው። በንግግራችን ውስጥ ማደሪያና ሕይወት ተለያይተው አያውቁም። ጎረቤት የሚለው ቃል ውስጥ ቤት አለ፤ ቤተሰብ ውስጥ ቤት አለ። የትዳር ጓደኛ «ባለቤቴ» ነው። ግጥም እንኳ ሲሰምር «ቤት መታ» እንላለን። ልጆቻችን ሲያገቡ «ጎጆ ወጡ» ይባላል። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ያሸከመ ሕዝብ ቤት ሲሠራለት በካሬ ሜትር ብቻ መቆጠሩ ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልናገር፤ ያለዚያ ደብዳቤዬ የትዝታ ዘፈን ይሆናል። እናቴ አራት ኪሎ አካባቢ የኖረችበት ግቢ ገነት አልነበረም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ የቀበሌ ከሆኑት ቤቶች አንዱ ነበር፤ ጭቃው እየረገፈ፣ ማገሩ እየታየ፣ ቆርቆሮው ክረምት በመጣ ቁጥር በአሥር ቦታ እያፈሰሰ ነው ያሳደገን። ለስድስት አባወራ ሽንት ቤቱ አንድ ነበር። ሌሊት በዝናብ ታናሽ እህቴን ይዞ ወደዚያ መሄድ ምን እንደነበር አልረሳውም። እኔ የቁም ሣጥን ስሠራ የምሰማው የውኃ ቧንቧ ድምፅ፣ ሴቶች በገዛ ቤታቸው ውስጥ በራቸውን ቆልፈው ገላቸውን ሲታጠቡ፣ ትልቅ ነገር ነው። ከ1996 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ፣ በገርጂ የሙከራ ግንባታ ተጀምሮ፣ ኮንዶሚኒየም በየአቅጣጫው ሲነሣ፣ ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች መደረጉም ብዙ እናቶችን በስማቸው ካርታ ያሳየ ነው። ይህን የሠሩትን አመሰግናለሁ። እናቴም ቤቷን ያገኘችው በዚህ ነው። የማመሰግነውም፣ የምከራከረውም ስለ አንድ ቤት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳይቶች ያቀዱትም ነገሩን ፈጽሞ አልዘነጉትም ነበር። በየብሎኮቹ መካከል የጋራ መገልገያ ቤት አስበው ነበር፤ ለበዓል ከብት ማረጃ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ እንጀራ መጋገሪያ እንዲሆን። ሐሳቡ ያማረ ነበር። እኔ በሥራ በዞርኩባቸው ብዙ ቦታዎች ግን ያ ቤት አሁን ሱቅ ነው፤ ወይም መጋዘን፤ ወይም ተቆልፏል። ለምን? ያየሁትን ብቻ ልናገር። እንጀራ የሚጋገረው ልጅ እያጠቡ፣ ወጥ እያማሰሉ፣ በሩን እየከፈቱ ነው። አራት ፎቅ ቡሖ ተሸክሞ ወርዶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ጋግሮ፣ እንጀራውን ተሸክሞ መውጣት የኑሮውን መልክ አይመስልም። ቤት ውስጥ ያለው ወጥ ቤት ደግሞ ምጣዱን አያስገባም። ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ምጣድ፣ አክንባሎው ሲነሣ ጣራ የሚደርስ እንፋሎት፣ የቡሖው ባልዲ፣ የእንጀራው ሰፌድ፤ እነዚህ ሁሉ በክፍሉ ንድፍ ላይ የሉም። ስለዚህ ምጣዱ በረንዳ ወጣ። በረንዳው በብረትና በመስተዋት ተዘጋ። ቤቱ ከነበሩት ሁለት የንፋስ መግቢያዎች አንዱን አጣ። ከዚያም በየሕንፃው ፊት ላይ እንደ ጥፍጥፍ የተለጣጠፉ መዝጊያዎችን እያያችሁ «ነዋሪው ሕንፃ አበላሸ» ትላላችሁ። ነዋሪው ያደረገው ምጣዱን ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ስለ ወጪም ስሰማ ኖሬአለሁ፤ «ለድሃ አገር ደጅ ቅንጦት ነው» ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አዲስ ቤት የተረከቡ ሰዎች በገቡ በሁለተኛው ወር፣ ከብሎኩ ግርጌ የተከመረውን ፍርስራሽ ቁሙና እዩት። ገና አንድ ሌሊት ያላደረበት የብሎኬት ግድግዳ፣ ተሰነጣጥቆ የወጣ አግሮስቶን የሚባለው የመከፋፈያ ግድግዳ ሰሌዳ፣ ነቅለው የጣሉት አዲስ በር። ያ ሁሉ በሕዝብ ገንዘብ ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ ተገንብቶ፣ በግለሰብ ገንዘብ የፈረሰ ነው። እኔ ከዚያ ፍርስራሽ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ ቢቀርብኝ ግን ደስ ይለኛል። እያንዳንዱ የፈረሰ ግድግዳ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ክምሩን ጠርገው ከመውሰዳቸው በፊት አንድ ሰው መጥቶ ቢመዘግበው ኖሮ ለሚቀጥለው ሳይት ከማንኛውም ጥናት የተሻለ መሐንዲስ ይሆነው ነበር።

በጎ አሳብ ብቻውንም እንደማይበቃ አውቃለሁ። ያው መምህሩ ደንበኛዬ ስለ ሐሰን ፋትሂ ነግሮኛል። ግብፃዊ አርክቴክት ነው፤ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሉክሶር አጠገብ ለጉርና ሰዎች በጭቃ ጡብ፣ በጉልላትና በቅስት ውብ መንደር ሠራላቸው። ሕዝቡን የሚወድ፣ የአገሩን ጥበብ የሚያከብር ሰው ነበር። ብዙዎቹ ግን ሊገቡበት አልፈለጉም። መተዳደሪያቸው ከድሮው መንደራቸው ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ጉልላቱም የመቃብር ቤት መልክ ሆነባቸው ይባላል። ፋትሂን የመሰለ ሰው ከሳተ፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ብሎክ ለአምስት ሳይት የሚባዛበት አሠራርማ እንዴት አይስት?

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። ቤት የምንቀይር ዕለት ዕቃችንን ጭነን ስንጨርስ ደጃችን ላይ የነበረውን ድንጋይ አሳየችኝና «ይህንን አስጭንልኝ» አለችኝ። አራት ማዕዘን ጥቁር ድንጋይ ነው። ሠላሳ ዓመት የተቀመጠችበት፣ ጎረቤት የተቀመጠበት፣ እኔ ቀለም የቆጠርኩበት፤ መካከሉ ተልጎ አብረቅርቋል። ጠዋት ፀሐይ የምትሞቀው እዚያ ላይ ነው፤ ሽንኩርት የምትልጠው እዚያ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ቡናው ሲቆላ ጭሱ በግቢው ይዞራል፤ እናቴ ከድንጋዩ ሳትነሣ «ቡና ጠጡ!» ትላለች፤ ሰው ይመጣል። መኪናው ሞልቶ ነበር። «እማዬ፣ ድንጋዩን የት ልናስቀምጠው ነው?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

አዲሱ ቤት ከገባች በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ልጠይቃት ስሄድ በሩ ክፍት ነበር። ረከቦቷን በሩ ላይ ዘርግታ፣ ግማሽ አካሏን ሳሎን፣ ግማሹን ደረጃው መውጫ ላይ አድርጋ፣ ብቻዋን በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ቀጤማው ከመዝጊያው አልፎ ሲሚንቶው ላይ ተበትኗል። ጭሱ በደረጃው ወደ ላይ ይወጣል። «ማንን ነው የምትጠብቂው?» አልኳት። «የሚያልፍ ሰው» አለችኝ። ሰው ግን ሲያልፍ ያፍራል፤ በርጩማዋን ሳይነካ ለማለፍ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ «እንደምን ዋሉ» ብሎ ይወጣል። የሚቆምበት ቦታ የለማ። በደረጃ ላይ የቆመ ሰው የቆመ አይደለም፤ መንገዱን ያቋረጠ ነው። ደጅ ላይ የቆመ ግን ቆሟል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ምናልባት ስድሳ ሳንቲ ሜትር ወለል ነው። ስድሳ ሳንቲ ሜትር! በአንድ ብሎክ ቢባዛ ስንት ሲሚንቶ እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። በእናቴ በኩል ስንት ጎረቤት እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ሁላችንም እንጠቅሰዋለን። ጎረቤት ግን በቅርበት ብቻ አይገኝም። በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ሦስት ዓመት ሳይተዋወቁ የኖሩ ሰዎች ቤት ገብቼ ሠርቻለሁ። ጎረቤት የሚገኘው ያለ ቀጠሮ መገናኛ ሲኖር ነው፤ ውኃ ሲቀዱ፣ በርበሬ ሲያሰጡ፣ ልጅ ሲጠሩ። ዕድሩ እንኳ የሚጸናው በዚህ ነው። የደመወዝ ቀን የሚከፈለው መዋጮ ዕድሩን አያቆመውም፤ የሚያቆመው ማን እንደታመመ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ደጅ በሌለበት ማን እንደታመመ የሚታወቀው ድንኳን ሲተከል ነው።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያጣደፈኝ ወቅቱ ነው። በ2016 ዓ.ም ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ከካዛንቺስ ብዙ ሰዎች በኮሪደር ልማት ተነሥተዋል። የተነሣው ሰው ወደ ሌላ ቦታ ይገባል፤ ሌላ ሕንፃ ይታቀድለታል፤ ሕንፃዎቹም ከቀድሞዎቹ ይረዝማሉ። ሊፍት ይመጣል፤ በሊፍት ውስጥ ደግሞ ማንም አይቀመጥም። «ተነሺ» ብለን የምንጠራው ሰው ከግቢው ሲነሣ ካሳ ቢሰላለትም፣ ደጁን፣ የደጁን ድንጋይ፣ የደጁን ሰው በልኩ የሚተምን ቅጽ እኔ አላየሁም። መተመን አይቻል ይሆናል። በአዲሱ ሕንፃ ላይ መንደፍ ግን ይቻላል።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልለምን። ንድፍ ከማጽደቃችሁ በፊት አንድ ሜዳ ፈልጉ። የቤቱን ንድፍ በእውነተኛ ልኩ፣ በኖራ፣ መሬት ላይ አስምሩት፤ ደረጃውንም፣ መታጠፊያውንም፣ የጎረቤቱንም በር ጭምር። ከዚያ ምጣዷን ይዛ አንዲት እናት ትግባበት። ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ይዙሩበት። ልጅ የታቀፈች ትግባበት፤ የሚቦርቁ ልጆች ይሩጡበት። አንድ ቀን ውለው «እዚህ ጋ ምን ታደርጊያለሽ? ዕቃሽን የት ታስቀምጫለሽ? እንግዳሽ የት ይቆማል?» ብላችሁ ጠይቁ። አራት ሰዎችም ባዶ ሣጥን ይሸከሙና በመታጠፊያው ይሞክሩት። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ጀናዛቸውን በትከሻቸው ተሸክመው እንዲሁ ይሞክሩ። የኖራ ዋጋ ይታወቃል፤ አንድ ቀን ነው የሚፈጀው። ግድግዳ ሳይቆም ይኖርበታል፤ የቆመ ግድግዳ ከማፍረስ የኖራ መስመር መደምሰስ ይቀላል።

ሕንፃው አልቆ ሰው ከገባበት ከዓመት በኋላ ደግሞ ተመለሱ። ርክክቡ ሲፈረም ፋይሉ ይዘጋል፤ ኑሮው ግን የሚጀምረው ያን ዕለት ነው። የፈረሰውን ግድግዳ፣ የተዘጋውን በረንዳ፣ የተቆለፈውን የጋራ ቤት ያለ ቅጣትና ያለ ወቀሳ መዝግቡት። የሠራችሁት ንድፍ ላይ ሰዎች በእጃቸው የጻፉት እርማት ነውና። ለጓዳ የሚሆን አንድ ጨለማ ጥግ ተዉላቸው። ምጣዱ ጭስ ማውጫ ያለው ቦታ ይኑረው። የጋራ ቤቱን ከግርጌ ሳይሆን ሰው ከሚያልፍበት፣ ሲወጣ ሲገባ ዓይኑ ከሚያርፍበት አድርጉት፤ ለድንኳን የሚሆነውም ስፍራ ከመኪና ማቆሚያው ተለይቶ ይታሰብ። ከሁሉ በፊት ግን ሁለት በር በሚገጣጠምበት ወለል ላይ ሰው የሚቆምበት፣ ቢደክመው የሚቀመጥበት ያህል ጨምሩ። ስሙንም ንድፉ ላይ ጻፉት። «መተላለፊያ» አትበሉት። «ደጅ» በሉት። ስም ያለው ነገር ሲቆጠር አይረሳም።

እኔ በበኩሌ የቻልኩትን አድርጌአለሁ። ከእናቴ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ መቀመጫ ሠራሁ። የብሎኩ ኮሚቴ መጀመሪያ ፈቃድ አልሰጠኝም፤ መውጫ ይዘጋል፣ እሳት ቢነሣ ሰው ይሰናከላል አሉኝ። ትክክል ናቸው። ስለዚህ በማጠፊያ ግድግዳው ላይ የሚታጠፍ አደረግኩት፤ ሲከፈት ወርዱ 35 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲታጠፍ ከግድግዳው የሚወጣው ስድስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጠርዙን አለዘብኩት፤ ልብስ እንዳይዝ። የመጀመሪያው ሰሞን ማንም አልተቀመጠበትም። ከዚያ ጀሪካን ተሸክማ ወደ አራተኛ የምትወጣ ልጅ ከፍታ ዐረፈችበት። ከዚያ አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ትንፋሻቸውን መሰብሰቢያ አደረጉት፤ እናቴም አንድ ስኒ አቀበለቻቸው። አሁን አቦሉ ላይ የሌለ ሰው በረካው ላይ አይጠፋም። መካከሉ ተልጎ ማብረቅረቅ ጀምሯል።

ሜትራችሁን ይዛችሁ ኑና ለኩት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከሆነ ቡናው ላይ ትደርሳላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አናጢ፣ አዲስ አበባ